ትርፍ ያልተተወለት ጉርድ

ቆራጯና ዘምዛሚዋ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ልካቸው አንድ ነበር። በልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤቱ የልብስ አሻንጉሊት ገዝቶ አያውቅም፤ ባለቤቱ ጋሼ፣ «ሁለት በነፃ አሉኝ፤ ለዚያውም የሚናገሩ» ይሉ ነበር። ሞላ ያለች ደንበኛ ለልኬት መምጣት ሲያቅታት ቆራጯ ጨርቁን ዘምዛሚዋ ላይ በስፒል ትይዛለች። ዘምዛሚዋ ደግሞ ቆራጯን ጠረጴዛ ላይ አቁማ የቀሚሱን ጫፍ ታስተካክላለች። አንዷ የሌላዋን ወገብ ከገዛ ወገቧ ይልቅ ታውቀዋለች። የራሱን ወገብ ዞሮ ያየ ማን አለ።

ነገሩ የተበላሸው የቆራጯ የደም ግፊት ከፍ ያለ ጊዜ ነው። ሐኪሙ ኪኒን ጻፈላትና «እንቅስቃሴ ያድርጉ» አላት።

«ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው።»

«መቆም እንቅስቃሴ አይደለም።»

ይህን ስታወራ ዘምዛሚዋ ሳቀችና፣ «ብቻሽን ስትሮጪ ሰው ሌባ መስለሽው ይከተልሻል፤ እኔ አጅብሻለሁ» አለቻት። ዘምዛሚዋ ግፊትም ስኳርም አልነበረባትም። የመጣችው ለአጀብ ነው።

ከስፌት ቤቱ ጀርባ ከታችኛው መንገድ ወደ ላይኛው የሚያወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ። ታች የቆሻሻ ገንዳ፣ ላይ ፋርማሲ። በየማለዳው ሥራ ሳይገቡ ይወጡታል፣ ይወርዱታል፣ ደግመው ይወጡታል። በመጀመሪያው ሰሞን መሃል ላይ ተቀምጠው እንደ ወናፍ ይተነፍሱ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ አልፈዋቸው ወጡና ከላይ ሆነው፣ «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ሊደረስ ነው» አሏቸው።

በዚያው ሰሞን የቆራጯ ሴት ልጅ ልታገባ መሆኗን ተናገረች። ልጅቷ ያደገችው በዚያ ስፌት ቤት ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ እያሰረች እየፈታች ነው። ልጅ ያልወለደችውን ዘምዛሚዋን «እትዬ» እያለች፣ ከእናቷ ባልተናነሰ ስትጨቀጭቃት ኖራለች። «ሁለት እናት ነው ያለኝ» አለች። «ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ለብሳችሁ ግራና ቀኝ ትቆሙልኛላችሁ። ክርክር አልፈልግም።» ልጅቷ ክርክር ፈልጋ አታውቅም።

ጋሼ ለሰርጉ ብለው ከአንድ ጥቁር አረንጓዴ ሱፍ የተረፈውን ሰጡ። የጣቃው ማለቂያ ነው፤ ለሁለት ኮትና ለሁለት ጉርድ ይበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ብዙም አይተርፍም። ቆራጯ ሁለቱን ጉርድ በአንድ መቀስ ልትቆርጥ ጨርቁን አጥፋ ዘረጋች፣ ጠመኔዋን አነሳች። ያሰመረችው መስመር ግን የዚያን ቀን ወገባቸው አልነበረም። ለሰርጉ ይደርስልናል ያለችው ወገብ ነው፤ ከነበራቸው ጥሩ አንድ ጭብጥ የጠበበ።

«ትርፍ ተዪ እንጂ፣ አንቺ» አለች ዘምዛሚዋ።

በስፌት ሥራ ትርፍ የሚባለው ከስፌቱ ወዲያ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ጨርቅ ነው። ሰው ሲወፍር የሚፈታው፣ ለልብስ ዕድሜ የሚሰጠው እሱ ነው። ቆራጯ ለደንበኛ ሁሉ ትርፍ ትተዋለች። ትርፍ የማይተው ቆራጭ ካየች ሳምንት ታማዋለች።

«ከተውኩማ ሊያስፈልገኝ ነው» አለች። «በር ከፍቼ ሌባ አልጠብቅም።»

«እንደ ፍጥርጥርሽ። እኔ ግን ጫፉ ላይ እተዋለሁ። ጫፍ ላይ ትርፍ ካልተውኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።» ዘምዛሚዋ ከጣቃው የተረፈችውን ሁሉ የራሷ ጉርድ ጫፍ ላይ ጨመረቻት፤ አንድ ስንዝር ትሆናለች።

ቆራጯ መቀሱን ሰደደችው። ሌላ ሰው ጠበብ ያለ ልብስ ገዝቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰቅላል፤ አልገባ ሲለው ለእህቱ ይሰጠዋል። ገና ባልመጣ ገላ ልክ የመጨረሻዋን ጨርቅ ያለ ትርፍ መቁረጥ ግን የቆራጭ ስህተት ነው። እጇን ከምታምን ሴት በቀር ማንም አይሠራውም።

ከዚያ ወዲያ ዘምዛሚዋ ከሳች።

በአንዴ አይደለም። መጀመሪያ ቀለበቷ መንሸራተት ጀመረ። ቀጥሎ የአንገቷ አጥንት ብቅ አለ፤ ይህን ሁሉ ዓመት አብረው ሲሠሩ ቆራጯ፣ ዘምዛሚዋ የአንገት አጥንት እንዳላት አታውቅም ነበር። ከዚያ ወገቧ መጣ። ዘምዛሚዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ሳታስበው እጇን ወገቧ ላይ ታሳርፋለች፣ አዲስ የገዛችው ዕቃ ቦታው ላይ መኖሩን እንደምታረጋግጥ። ቆራጯ ያቺን እጅ ትጠላት ጀመር።

የሚያንገበግባት፣ ዘምዛሚዋ ከምግብ የተወችው ነገር አለመኖሩ ነው። መሳቢያዋ ውስጥ ከክርና ከቁልፍ ጋር ከረሜላ አለ። ክር በጥርሷ ልትበጥስ ስትል ከረሜላውን ወደ ጉንጯ ታዞረዋለች። ቆራጯ ስኳር ትታለች፣ ማታ ዳቦ ትታለች፣ ባሏ የሚበላውን ጥብስ ከሩቅ ታሸትታለች። ደረጃውንም ዘምዛሚዋ እያወራችና እያረፈች ነው የምትወጣው፤ ቆራጯ ግን ጥርሷን ነክሳ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ፋርማሲው በር ላይ ሚዛን አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም ይወጡበታል። ለዘምዛሚዋ መርፌው ወደ ግራ ሸርተት ይላል። ለቆራጯ ግን ሄዶ ሄዶ የለመደው ቦታ ላይ ይቆማል፣ ወንበሩን እንደማይለቅ ሹም።

«ሚዛኑ ተበላሽቷል» አለች አንድ ቅዳሜ።

ፋርማሲስቷ ትዕግሥት ያላት ወጣት ናት። «አሁን ለእህቴ ሠራ አይደል፣ እናቴ?» አለቻት።

ለዘምዛሚዋ እህቴ፣ ለእሷ እናቴ። ሁለቱ የሚበላለጡት በሁለት ወር ነው፤ ለዚያውም ታላቋ ዘምዛሚዋ ናት።

«ኑ እስቲ ግፊትዎን ልለካልዎ» አለች ፋርማሲስቷ። ለካቻትና ፊቷ በራ። «ወርዷል። በደንብ ነው የወረደው። ሐኪሙ ኪኒኑን ሊቀንስልዎ ይችላል።»

«ግፊት ጉርድ አይለብስም» አለች ቆራጯ እጅጌዋን እያወረደች።

«በዚህ ዕድሜ ክብደት ቶሎ አይለቅም፣ እናቴ። ውስጡ ግን ሌላ ነው።»

«ውስጡን ማን ያየዋል?»

«ገበሩ ቆንጆ ነው ማለቷ ነው» አለች ዘምዛሚዋ ከኋላ። ፋርማሲስቷ ሳቀች። ቆራጯ አልሳቀችም።

ቤት ስትገባ ደግሞ ባሏ አለ። የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሥራው መቀመጥ ነው፣ ያገኘውን ይበላል፣ ቀበቶው ከተጋቡ ጀምሮ ቀዳዳ ቀይሮ አያውቅም። አንድ ምሽት ጫማዋን ስታወልቅ ትኩር ብሎ አያትና፣ «እኔ የምልሽ፣ ያንን ደረጃ ዛሬ ሳልፍ አየሁት። በጣም ከስቷል» አላት። ጫማውን ወረወረችበት።

ከሁሉም የባሰው ግን የደንበኞች ነገር ነው። አንዲት ነገረኛ ደንበኛ አለቻቸው፤ ኮት ልትቀበል መጥታ ዘምዛሚዋን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ?»

«ደረጃ ነው። ጠዋት ጠዋት እንወጣለን» አለች ዘምዛሚዋ። እንወጣለን ነው ያለችው፤ ሐቀኛ ናት።

ደንበኛዋ ወደ ቆራጯ ዞረች፣ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «አንቺም አብረሻት ብትወጪ ጥሩ ነበር።»

ቆራጯ እጇ ላይ መቀስ ይዛ ነበር። መቀሱን ዘግታ አስቀመጠችው።

ታዲያ ለምን አትተወውም? ብዙ ማለዳ ልትተወው ወስና ብርድ ልብሷን ተከናንባ ታውቃለች። ግን እሷ ስትቀር ዘምዛሚዋ ብቻዋን ልትወጣ ነው። ብቻዋን ወጥታ፣ ብቻዋን ከስታ፣ ቆይታ «ምነው ቀረሽ?» ልትላት። ይህን ስታስብ ብርድ ልብሱን በእግሯ ትገፈትረዋለች። አንዳንዱን ሰው ተስፋ ከአልጋው ያስነሳዋል፤ እሷን የሚያስነሳት ይኼ ነበር። ከሰርጉ በማግስቱ ግን ደረጃውንም አጃቢዋንም ልትሰናበት ለራሷ ምላለች። አንዴ ልጇን ትዳር፤ ከዚያ በኋላ ያንን ወገብ በየማለዳው የማየት ግዴታ የለባትም።

ጉርዱን ከመጋረጃው ጀርባ ማንም ሳያያት ሞከረችው። ዚፑ መሃል ላይ ደርሶ እምቢ አለ። ትንፋሽዋን ወደ ውስጥ ሳበች፤ ዚፑም ንቅንቅ አላለም። እዚያው እያለች ልጅቷ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

«እማዬ፣ አስፊው በቃ።»

«ትርፍ የለውም።»

ልጅቷ የጎኑን ስፌት ገለጥ አድርጋ አየች። «አንቺ? ትርፍ ሳትተዪ?»

«ሥራሽን ሥሪ።»

«እሺ ጥቁር ጉርድ እንግዛልሽ። ማን ልብ ይላል?»

«አንድ ዓይነት ልበሱ ያልሽው አንቺ ነሽ። የእሷ ልክ ሆኖ የእኔ ሌላ ሊሆን? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ሙሽራዋን ያያል፣ እማዬ። ሙሽራዋ እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ፤ ሰዓቷን አይታ ወጣች።

ዘምዛሚዋ የራሷን ጉርድ ይዛ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። «ሰፍቶኛል» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ እንደ ጥፋት። ቆራጯን ያቃጠላት ያ ቀስታ ነው። ብትፎክር ይሻላት ነበር።

«ጠረጴዛው ላይ ውጪ።»

ዘምዛሚዋ ወጥታ ቆመች። ቆራጯ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ዞረቻት። ቀድሞ ይህ ወገብ መስታወቷ ነበር፤ እሱን አይታ የራሷን ታውቅ ነበር። አሁን የሰው ወገብ ነው። ጨርቁን ከግራም ከቀኝም ቆንጥጣ ሰካችው፣ በጠመኔ አሰመረችው። ሜትር አላስፈለጋትም፤ ልኩ ጣቷ ላይ ነው።

«ልጃችን ደስ ይላት ይሆን?» አለች ዘምዛሚዋ ከላይ።

«ህም?»

«እንዲህ ሆኜ ስታየኝ።»

ቆራጯ አፏ በስፒል በመሞላቱ አመሰገነች።

ዘምዛሚዋ ለምሳ ስትወጣ ቆራጯ መኪናው ላይ ተቀመጠች። የጠመኔውን መስመር አየችው። ከዚያ መርፌውን ከመስመሩ አንድ ጣት ወደ ውስጥ አስገብታ አስኬደችው፣ በግራም በቀኝም። ስፌቱ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ሆነ፤ ክፉ ስትሠራም ክፉ አትሰፋም። ካውያ አሳረፈችበት፣ አጠፈችው፣ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችላት።

በማግስቱ ደረጃው ላይ ዘምዛሚዋ ወሬዋ ቀነሰ። መሃል ላይ ሲደርሱ፣ «ጉርዱ እምቢ አለኝ» አለች። «ዚፑ አልወጣም።»

ቆራጯ ቀና ብላ ወደ ፋርማሲው እያየች ወጣች። «እንዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ወፍሬ ይሆናላ።»

ጊዜው ይኼ ነበር። እጄ ስቶ ነው ማለት በቂ ነበር። ቆራጯ ግን አፏ ውስጥ ማር የመሰለ ነገር ተሰማት፤ ስኳር ከተወች ጀምሮ እንዲህ የጣፈጣት ነገር የለም። «በዚህ ዕድሜ ይመለሳል» አለች። «ፋርማሲስቷም ብላለች።»

ፋርማሲስቷ እንዲህ አላለችም።

ዘምዛሚዋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያው ንገሪኝ» አለች።

«ምኑን?»

«እንዴት እንደምትችይው። እኔ የመጣሁት ላጅብሽ ነው፤ የቆየሁት ግን ሜትሩ እያጠረ ስላየሁ ነው። ባያጥር ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ትቼው ነበር። አንቺ ግን መርፌው ፍንክች ሳይልልሽ ዝናብም ቢሆን ትመጫለሽ። ስንቴ ከላይ ሆኜ አይቼሻለሁ፤ ፊትሽን እንደ ደረቅ ሎሚ ጨምድደሽ ትወጫለሽ። እኔ አልችለውም። ቀንቼብሽ አውቃለሁ፣ ይኸው ነገርኩሽ።»

ቆራጯ ይህን አልጠበቀችም። ቅናትን የግል ንብረቷ አድርጋ ነበር የያዘችው፤ ሌላ ሰው እጁን ሲያስገባበት ግራ ገባት። ቆንጆ መልስ ፈለገች። እንቅልፌ ተስተካከለ ልትል ትችላለች፤ እውነት ነው። ጉልበቴ መንቋቋት ተወ፤ እሱም እውነት ነው። ጣቃ ተሸክሜ ከምድር ቤቱ ስወጣ አሁን አላርፍም፤ ይኼም እውነት ነው፣ እስከዚያች ደቂቃ ግን ልብ ብላው አታውቅም ነበር። ነገር ግን ማለዳ ከአልጋዋ ያወረዳት አንዱም አይደለም።

«አንቺ ብቻሽን እንዳትወጪ ነው» አለች።

ዘምዛሚዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ዐይኗ ለስለስ አለ። ያ መለስለስ ለቆራጯ አልተመቻትም።

«ማለቴ፣ ብቻሽን ወጥተሽ እንዳታምሪ» አለች።

«እሱንማ ደርሼበታለሁ።» ዘምዛሚዋ ቦርሳዋን ከፈተች። ጉርዱ ውስጡ ነበር፣ ተገልብጦ የታጠፈ። ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። «የጠመኔሽ መስመር ይኸው። የስፒሎቹ ቀዳዳ ይኸው። ስፌትሽ ደግሞ እዚህ።» ጣቷን በመሃላቸው አጋደመችው፤ ልክ ሞላው። «ሌላ ሰው ላይ ብትሠሪው ያልፍልሽ ነበር። እኔ እኮ ያንቺን ስፌት ስገለብጥ ነው የኖርኩት።»

ከዘራ የያዙት ሽማግሌ በዚያው ሰዓት ከታች መጡ። አለፏቸውና ዞር ብለው፣ «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ሊደረስ ነው» አሉ።

«ቢያንስ አጣመሽ ብትሰፊው» አለች ዘምዛሚዋ፣ ሽማግሌው ከራቁ በኋላ። «ቸኩላ ነው እል ነበር።»

«አጣሜ መስፋት አልችልም።»

«አውቃለሁ።» ጉርዱን አጠፈችና ወረደች። ወደ ላይ አይደለም፤ ወደ ታች።

ያን ቀን ስፌት ቤቱ ውስጥ ከመኪናዎቹ በቀር የተናገረ የለም። ጋሼ ሁለቴ ብቅ ብለው አዩና፣ «ምነው፣ አሻንጉሊቶቼ ድምፃቸው ጠፋ?» አሉ።

«ባትሪ አልቆ ነው» አለች ዘምዛሚዋ፣ ሳትስቅ። ለቆራጯ ግን አንድ ቃል አልወጣትም። ክር ሲያስፈልጋት ተነስታ ራሷ ወሰደች። ወትሮ «ወርውሪልኝ» ነበር የምትለው።

ቆራጯ ይቅርታ ልትጠይቅ አስባ ነበር። ባዘጋጀችው ቁጥር ግን መጨረሻው ላይ «አንቺም እኮ» የሚል ነገር ይገባበታል። አንቺም እኮ ከረሜላ እየበላሽ። አንቺም እኮ ወገብሽን እየደባበስሽ። እንዲህ ያለ ይቅርታ አይሰጥም፤ ዋጥ አድርጋው ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ማለዳ ደረጃው ሥር ስትደርስ ዘምዛሚዋ የለችም። ጠበቀቻት። አልመጣችም።

ቆራጯ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ቆማ አሰበች። ይህን ሁሉ ጊዜ የመጣችው ያቺ ሴትዮ ብቻዋን እንዳትወጣ ነው። አሁን የምትወጣ ሴትዮ የለችም። ተመልሳ መተኛት ትችላለች፤ ለመታየት ካልሆነ ውሃ መውቀጥ ነው፣ ውሃ ደግሞ ቢወቅጡት እምቦጭ። እግሯ ግን የመጀመሪያውን ደረጃ ረግጦ ነበር። ወጣች። በጣም ተናዳ ስለነበር መሃሉን ማለፏን ያወቀችው ካለፈችው በኋላ ነው። አልተቀመጠችም። አናቱ ላይ ስትደርስ ፋርማሲስቷ መዝጊያውን እየከፈተች ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታ። ማንም አላየም። ይህም አናደዳት።

ወርዳ ስፌት ቤቱን ልትከፍት ስትል በሩ ክፍት ነው። ዘምዛሚዋ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላለች። እጇ ላይ ያለው የቆራጯ መቀስ ነው፤ ያንን መቀስ ባለቤቱን ጋሼን ጨምሮ ማንም አይነካውም። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተቆርጧል። የቆራጯ ጉርድ በግራም በቀኝም ከወገቡ እስከ ዳሌው ተፈትቶ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

ይገባኛል፣ አለች በሆዷ። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየቆረጥኩ።» ዘምዛሚዋ ቀና አላለችም። «ያንን ስንዝር ከራሴ ጉርድ ጫፍ ላይ አወረድኩት። ሁለት ቁራጭ ወጣው። ከወገብሽ ሰፍቶ ወደ ታች እየሾለ ይገባልሻል።»

ቆራጯ ቀርባ አየች። ቁራጮቹን አነሳች፣ ወደ መስኮቱ ያዘቻቸው። አመሰግናለሁ ልትል አፏን ከፍታ የወጣት ሌላ ነው፤ «ክሩ በአግድም ነው የሚሄደው። ብርሃን ሲያርፍበት ይለያል።»

«ማን ያየዋል?»

«እኔና አንቺ።»

«እኛማ አይተናል። ጠረጴዛው ላይ ውጪ።»

ቆራጯ ወጣች። ዘምዛሚዋ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ዞረቻት፤ እየሰካች በጥርሷ መሃል ተናገረች። «ይኼ ይቅርታ ነው እንዳትዪ። ልጃችን ሁለት እናት ትፈልጋለች። አንዷ ዚፗ ተከፍቶ እንድትቆምባት አልፈልግም። ለአንቺ ብዬ አይደለም።»

«እሺ።»

«ስሰፋው መስመሩን ትቆጣጠሪያለሽ።»

«አልቆጣጠርም።»

«ትቆጣጠሪያለሽ። አላውቅሽም እንዴ?»

«አጥፍቻለሁ» አለች ቆራጯ። ከላይ ሆኖ መናገር ይቀላል። «ዐይኔ እያየ ነው ያጠፋሁት።»

ዘምዛሚዋ አንድ ስፒል ሰካች፣ ትንሽ ጠለቅ አድርጋ። ቆራጯ ቁርጥ ብላ ቆመች፤ አላማረረችም።

«ዛሬ ለምን ቀረሽ?» አለች ቆይታ።

«ብቻሽን ትወጪ እንደሆነ ላይ ብዬ።» ዘምዛሚዋ በአገጯ የኋላውን መስኮት አመለከተች። ደረጃው ከዚያ ወለል ብሎ ይታያል። «ወጣሽ። ሳትቀመጪ ወጣሽ። እኔ አንድም ቀን ሳልቀመጥ ወጥቼ አላውቅም።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ነገር ቆራጯ ወዲያው ለየችው። የራሷ ጨርቅ ነው፤ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ።

በሰርጉ ቀን ጉርዱ ገባላት። በደንብ ገባላት፤ ልጅቷ ግራና ቀኟን አይታ፣ «አየሽ፣ ክርክር አያስፈልግም» አለቻት። የተጨመረውን ቁራጭ ማንም አላየም። የዘምዛሚዋ ጉርድ ወገቡ በጠመኔው መስመር ተመልሶ ተሰፍቷል፤ ስንዝሩን ከሰጠ በኋላ ግን የሚታጠፍ ጫፍ ስላጣ ከርዝመቱ ታጥፎ ጉልበቷን ለቆ ወደ ላይ ቀርቷል። እግሯ ወጥቶ ይታያል፤ የደረጃ እግር ነው፣ ባቱ የተጠቀለለ። ሰው ሁሉ ያየው እሱን ነው። ቆራጯ ልጇን ስማ ቀና ስትል እሷም አየችው። ጨርቁን የሰጠችኝ ለዚህ ነው እንዴ ብላ አሰበች። ሐሳቡ ርካሽ መሆኑን ታውቃለች፤ ከማሰብ ግን አልተመለሰችም።

ያቺ ነገረኛ ደንበኛም ተጠርታ ነበር። «ይኼ እግር ከየት መጣ?» አለች ዘምዛሚዋን።

«ደረጃ ነው አልኩሽ። ከእሷ ጋር እንወጣለን።»

ደንበኛዋ ወደ ቆራጯ ዞረች። ቆራጯ ቀደመቻት። ረጅሙን ጉርዷን በሁለት ጣት እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ባቷን አዞረችላት፤ ከዘምዛሚዋ የሚያንስ አልነበረም። «አብሬያት እወጣለሁ» አለች። «ሳልቀመጥ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የልጃችን ሰርግ ላይ ነን» አላት ባሏ ከጎኗ። ግን እሱም ባቷን አየት አድርጎ ነበር።

ከሰርጉ በማግስቱ ደረጃውን ልትሰናበት የማለችው መሃላ ትዝ ያላት ጫማዋን ካሰረች በኋላ ነው። ስትደርስ ዘምዛሚዋ ገንዳው አጠገብ ቆማ ከረሜላ ትመጣለች። ያ እጅ ወገቧ ላይ አርፏል። ቆራጯ ስታየው አንጀቷ እንደ ትናንቱ ቅጥል አለ፤ ምንም አልቀነሰም።

«ቅደሚ» አለች ዘምዛሚዋ፣ እጇን ወደ ደረጃው ዘርግታ። «ሳትቀመጪ የምትወጪው አንቺ ነሽ።»

«አንቺ ቅደሚ» አለች ቆራጯ። «እኔ የማየው ነገር ያስፈልገኛል።»